ሰነዳችንን፣ ስማችንንና ሌሊታችንን በተመለከተ፦ ለርካሽ በረራ አየር መንገዶች ግልጽ ደብዳቤ

በአውሮፓ ከተሞች መካከል በአነስተኛ ዋጋ ለሚያበሩ አየር መንገዶች ኃላፊዎች፣
እንዲሁም በየአገሩ የአየር መንገደኛን መብት ለሚያስከብሩ መሥሪያ ቤቶች፣
ባላችሁበት

ክቡራንና ክቡራት፣

እኛ በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው ዕድር አባላት ነን። ዕድር ሰው ሲሞትብን ተሰባስበን የምንቀብርበት፣ ሐዘንተኛ የምናጽናናበት፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ሲላክ ወጪውን የምንጋራበት ማኅበር ነው። ወገኖቻችን ተበትነው ነው የሚኖሩት። አንዱ ወንድም ስቶክሆልም፣ ሌላው ሮም፣ አንዷ እኅት ብራስልስ ናት። በመሆኑም መርዶ በመጣ ቁጥር፣ ክርስትናም ሆነ ሠርግ ሲጠራን የምንሳፈረው በእናንተ አውሮፕላን ነው። አብዛኞቻችን በጽዳት፣ በመጋዘን፣ በሆቴልና በአረጋውያን መጦሪያ የምንሠራ ስለሆንን ሌላውን በረራ አቅማችን አይችለውም።

ደብዳቤውን መጀመሪያ በአማርኛ የጻፍነው አባሎቻችን አንብበው የራሳቸው ጉዳይ በትክክል መነገሩን እንዲያረጋግጡ ነው። በጀርመንኛ ተተርጉሞ ለእናንተ ይደርሳል። የማንንም ድርጅት ስም አናነሣም፤ ችግሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና። ጉዳዮቹ ግን በዕድሩ መዝገብ ላይ ከነቀናቸው ሰፍረዋል።

እንድንጽፍ ያስገደደን ባለፈው ጥር የሆነው ነው። የ63 ዓመት እናት የሆኑ አባላችን እኅታቸው ስቶክሆልም ውስጥ አረፉባቸው። አስከሬኑ ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ስለነበር ሽኝቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሆን ተወሰነ። ዕድሩ ሦስት ሰው መድቦ ከእሳቸው ጋር ላከ። ቲኬቱ የተቆረጠው ለቅዳሜ ማለዳ ነው። ዓርብ ማታ ልጃቸው በኢንተርኔት ቼክ ኢን ልታደርግላቸው ስትሞክር ሥርዓቱ አልቀበልም አለ፤ «ሰነድዎን በአየር ማረፊያው መስኮት ያስመርምሩ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ወጣ። የሌሎቹ ሦስቱ ወዲያው ተሳካ፤ የጀርመን ፓስፖርት አላቸው።

እናታችን የያዙት የጀርመን መንግሥት የሰጣቸውን ሰማያዊ የስደተኛ ትራቭል ዶክመንትና የመኖሪያ ፈቃዳቸውን ነው። ከንጋቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ አየር ማረፊያው ደረሱ። መስኮቱ የተከፈተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሻንጣ ትመዝናለች፣ ክፍያ ትቀበላለች፣ ሰነድ ታያለች። ተራቸው ሲደርስ ሰነዱን ገለባበጠችው፤ አይታው አታውቅም። ስልክ ደወለች፣ የሚያነሣ አልነበረም። ደግማ ደወለች። መልሱ ሲመጣ «ሰነድዎ ትክክል ነው፤ የመሳፈሪያው ጌት ግን ተዘግቷል» ተባሉ።

ሦስቱ አጃቢዎች አልሄድም ቢሉም እናታችን ራሳቸው ለምነው ላኳቸው፤ እኅታቸው ያለ ዘመድ እንዳይሸኙ ብለው። ቀጣዩ በረራ ሰኞ ነበር። ሰኞ ስቶክሆልም ሲደርሱ የእኅታቸው አስከሬን አዲስ አበባ ገብቶ ነበር። ከእናንተ ያገኙት መልስ መንገደኛው በሰዓቱ ስላልተገኘ ገንዘብ አይመለስም የሚል ነው። የሰነድ ምርመራ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው በሰዓቱ አልተገኘም ሊባል አይገባም። እኒህን እናት ይቅርታ ልትጠይቋቸው ይገባል።

ስለ ሰነዱ በዝርዝር መናገር እንፈልጋለን፤ ትልቁ ቁስላችን እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰማያዊ ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት መሠረት የሚሰጥ ነው። በታችኛው በማሽን በሚነበበው መስመር ላይ በዜግነት ቦታ «ኤክስ ኤክስ ቢ» የሚል መለያ አለው፤ ዓለም አቀፍ የጉዞ ሰነድ ደረጃ ያወጣው መለያ ነው። በእናንተ ድረ ገጽና አፕ የዜግነት ዝርዝር ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ አናገኘውም። መንገደኛው ኢትዮጵያ ብሎ ቢሞላ ሰነዱን የሰጠችው ጀርመን ናት፤ ጀርመን ብሎ ቢሞላ ዜግነቱ የጀርመን አይደለም። የትኛውንም ቢመርጥ ስሕተት ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወደ መስኮቱ ይላካል፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ «በኢንተርኔት ቼክ ኢን አላደረግህም» ተብሎ 55 ዩሮ ይጠየቃል። በመዝገባችን ላይ እንዲህ የከፈሉ ዘጠኝ ሰዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቲኬቱን የገዛው በ22 ዩሮ ነበር።

ሕጉ እንዲህ አይልም። ከሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ ካነሡት የአውሮፓ አገሮች ስምምነት) አባል አገር የመኖሪያ ፈቃድና የጸና የጉዞ ሰነድ ያለው ሰው በሌሎቹ የሼንገን አገሮች በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መዘዋወር ይችላል። ሰነድ የሌለው ሰው ባሳፈረ አጓጓዥ ላይ ብዙ ሺህ ዩሮ የሚያስቀጣው የአውሮፓ ኅብረት መመሪያም ከሼንገን ውጭ ስለሚመጣ ጉዞ የወጣ እንጂ ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም ለሚሄድ በረራ አይደለም። ለንደንና ደብሊን ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ እዚያ ቪዛ መጠየቁን እናውቃለን፣ ተዘጋጅተንም እንሄዳለን። ቅሬታችን ድንበር በሌለበት ድንበር ስለሚበጅብን ነው።

አንድ ፍርድም እናስታውሳችሁ። አንድ የካዛክስታን ዜጋ የቆጵሮስ መኖሪያ ፈቃድ ይዞ ከላርናካ ወደ ቡካሬስት ሊበር ሲል ሰነድህ አይበቃም ተብሎ ቀረ። ጉዳዩ ለአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 2020 በሰጠው ውሳኔ፣ አየር መንገዱ ሰነዱ አይበቃም ስላለ ብቻ መንገደኛው ከሕግ ጥበቃ ውጭ እንደማይሆን፣ በክርክር ጊዜ ሰነዱ በእርግጥ በቂ መሆን አለመሆኑን ፍርድ ቤት እንደሚመዝን ገልጿል። በየመስኮቱ የምታቆሟቸው ሠራተኞች ይህን ውሳኔ እንዲያውቁት አድርጉ። ሠራተኞቹን አንወቅስም፤ ብዙዎቹ እንደ እኛው በኮንትራት የሚሠሩ፣ ሥልጠና ያልተሰጣቸው ወጣቶች ናቸው።

ሁለተኛው ስማችን ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ መጠሪያ ስም የለውም። ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ የአባቱ፣ ከዚያ የአያቱ ስም ይከተላል። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም። ስለዚህ ባል፣ ሚስትና ልጅ በእናንተ ቅጽ ላይ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ይታያሉ። አንዷ እናት የሁለት ዓመት ሕፃን ታቅፋ ስትጓዝ ልጁ የእሷ መሆኑን እንድታስረዳ ሰልፍ መሐል አቁመዋታል፤ የልደት ምስክር ወረቀቱን ስላልያዘች ባሏን በቪዲዮ ስልክ አስደወሏት። ሕፃናትን ከጠለፋ ለመጠበቅ መጠየቁን አንቃወምም። ነገር ግን ለእኛ ቤተሰብ የስም መለያየት የተለመደው መሆኑን የሚያውቅ ሠራተኛ ጥያቄውን በክብር ያቀርባል።

በስም ምክንያት የሚጠየቀው ገንዘብ ደግሞ ከቲኬቱ ይበልጣል። በአንዱ ፓስፖርት የአያት ስም እንደ መጠሪያ ይሰፍራል፣ በሌላው የአባት ስም። ኃይለ ማርያም፣ ወልደ ገብርኤል፣ ተክለ ሃይማኖት ዓይነት ስም ያለው ሰው ስሙ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ የቤተሰብ ስም ይሆንበታል። በ«ጸ» የሚጀምር ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ በአንድ፣ ሌላ ጊዜ በሁለት ፊደል ይጻፋል፤ የጻፈው የኢሚግሬሽን ሠራተኛ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። አንድ አባላችን በዚህች አንዲት ፊደል ልዩነት ስም ለማስተካከል ከመቶ ዩሮ በላይ ከፍሏል። ሰውዬው ያው ነው፣ የልደት ቀኑ ያው ነው፣ የሰነድ ቁጥሩም ያው ነው። ቲኬት ለሌላ ሰው እንዳይሸጥ የሚጠየቅ ክፍያ የገዛ ስሙን ለሚያስተካክል ሰው መዋል የለበትም።

ሦስተኛው ከከተማ አየር ማረፊያ፣ ከአየር ማረፊያ ከተማ ያለው መንገድ ነው። ፍራንክፈርት ሃን የምትሉት ከፍራንክፈርት 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሁንስሩክ ኮረብታዎች ላይ ያለ ነው፤ የመንገደኛ ባቡር አይደርስበትም። ስቶክሆልም ስካቭስታ ከስቶክሆልም 100 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ኒሸፒንግ አጠገብ ነው። ፓሪስ ቦቬ ከፓሪስ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ኦስሎ ቶርፕ ሳንደፍዮርድ ነው፤ ወደ ኦስሎ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይጠይቃል። ለባርሴሎና የሚሸጠው ዢሮና 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ «ምዕራብ ሙኒክ» ሲባል የነበረው ሜሚንገን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከከተማው ይርቃሉ። ምክንያቱ ይገባናል። ሃን የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ነበር፤ ስካቭስታም የስዊድን አየር ኃይል ነበረበት። ወታደሩ ሲወጣ ሜዳው ቀረ፣ የማረፊያ ክፍያው አነሰ፣ እናንተም ገባችሁ። ለእኛም ርካሽ ቲኬት አስገኝቷልና ይህን አንጠላም።

ያልተቀበልነው ቲኬቱ ሲሸጥ ይህ ርቀት አለመነገሩን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ደንብ ቁጥር 1008 ግብርና የማይቀሩ ክፍያዎች ሁሉ ከመጀመሪያው በዋጋው ውስጥ እንዲታዩ ያዛል። ሌሊት ከዚያ ኮረብታ ወደ ከተማ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ከሌለ የታክሲው ገንዘብ ለመንገደኛው የማይቀር ክፍያ ነው። ሕጉ እንደዚያ ባይቆጥረውም ኪሳችን ይቆጥረዋል።

ባለፈው ኅዳር ሦስት ሴቶች ከሐዘን ሲመለሱ አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ከእኩለ ሌሊት በኋላ አረፈ። የመጨረሻው አውቶቡስ ሄዷል። ተርሚናሉም የመጨረሻው መንገደኛ እንደ ወጣ ይዘጋል። ጥበቃው አዘነላቸው፤ ትእዛዝ ስላለበት ግን አስወጣቸው። ከአንድ ታክሲ በቀር አልነበረም፤ ወደ ከተማ 190 ዩሮ ጠየቃቸው። የሦስቱ የደርሶ መልስ ቲኬት ተደምሮ ከዚያ ያንሳል። ሁለቱ ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሥራ ይገባሉ። ከፈሉ። ያን ዕለት የከፈሉትን ዕድሩ ሊተካላቸው ቢፈልግም መተዳደሪያ ደንባችን ለታክሲ አይፈቅድም ነበር፤ በኋላ በጉባኤ አሻሻልነው።

ማለዳውም እንዲሁ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ለሚነሣ በረራ ሻንጣ መቀበያው 40 ደቂቃ ቀድሞ ይዘጋል፤ ሰነድ የሚመረመርበት ሰው ደግሞ ከሁለት ሰዓት በፊት መድረስ አለበት። ያን ያህል ቀድሞ የሚያደርስ አውቶቡስ ከሌለ ማምሻውን ሄዶ ማደር ነው። አባሎቻችን ከሥራ ወጥተው በቀጥታ ከባንሆፍ (ከባቡር ጣቢያው) አውቶቡስ ተሳፍረው ወለል ላይ ጋቢ አንጥፈው አድረዋል። ሌሊት በሩን የሚዘጋ አየር ማረፊያ ሲሆን ደግሞ ውጭ፣ በአውቶቡስ መጠበቂያው ሥር። የሰባ ዓመት ሰው በጥር ብርድ እንዲህ አድሯል።

ሊሠራ እንደሚችል ግን እናውቃለን። በለንደን ሉተን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ የባቡር ጣቢያውንና ተርሚናሉን የሚያገናኘው አጭር ባቡር ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሃን ላይ ባቡር ሥሩ አንልም። አውሮፕላኑ ሲዘገይ የመጨረሻው አውቶቡስ አብሮ እንዲዘገይ ማድረግ ግን ከአውቶቡስ ድርጅቱ ጋር በአንድ ውል የሚያልቅ ነገር ነው።

ስለ ስልክ መሳፈሪያ ካርድ። ከእናንተ ቢያንስ አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ወዲህ የወረቀት መሳፈሪያ ካርድ አስቀርቷል። ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው አባቶች አሉን። የኢሜይል አድራሻ የላቸውም፤ ልጆቻቸው ናቸው የሚገዙላቸው፤ መልእክቱም የሚሄደው ወደ ልጁ ስልክ ነው። ልጁ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነው። አንድ አባታችን ወረቀት አትመው ይዘው ሄደው ባለቀ ሰዓት ከመስኮት ወደ መስኮት ሲላኩ ዋሉ። ስልክ የሌለው መንገደኛ መስኮት ላይ በነጻ ይስተናገዳል የሚል ነገር ካለ በሁሉም ቦታ ተጽፎ ይለጠፍ።

ስለ ሻንጣ ብዙ አንልም፤ ብዙ ሰው ብሎታልና። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 መጠኑና ክብደቱ ተገቢ የሆነ የእጅ ሻንጣ የጉዞ አስፈላጊ አካል ስለሆነ ተጨማሪ ክፍያ ሊጠየቅበት እንደማይገባ ተናግሯል። የስፔን መንግሥትም በ2024 በዚህና በመሰል ክፍያዎች አምስት አየር መንገዶችን በድምሩ 179 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። እኛ የምንጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። አንዲት አባላችን ለለቅሶ ቤት የሟች ወንድሟን ፎቶግራፍ በፍሬም ይዛ ስትሄድ ከመለኪያው ሳጥን በሁለት ጣት ስለተረፈ 60 ዩሮ ከፈለች። እያለቀሰች ነበር። ሠራተኛው ፎቶውን አይቶ፣ ማን እንደሆነ ጠይቆ፣ ነገር ግን ያለ ክፍያ ማሳለፍ እንደማይፈቀድለት ነገራት። እንዲህ ባለ ሰዓት የሚራራ ሠራተኛ የማሳለፍ ሥልጣን ይኑረው።

በመጨረሻ ስለ መዘግየትና ስረዛ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. የ2004ቱ ደንብ ቁጥር 261 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ለሆነ በረራ 250 ዩሮ ካሳ ይሰጣል፤ ከ2009ኙ የፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህም ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ ሰው፣ ምክንያቱ ከአየር መንገዱ ቁጥጥር ውጭ ካልሆነ በቀር፣ ይህን ይጠይቃል። ሁለት ሰዓት ሲዘገይ ምግብና መጠጥ፣ ሲያድር ሆቴልና ወደ ሆቴሉ መጓጓዣ አለው። አባሎቻችን ይህን የሚያውቁት ከዕድሩ ነው፤ ከእናንተ የነገራቸው የለም። አንዱ 250 ዩሮውን ያገኘው ሰባት ወር ተጻጽፎ ነው። አሁን ደግሞ የኅብረቱ የትራንስፖርት ሚኒስትሮች እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ባሳለፉት አቋም ለአጭር በረራ ሦስቱ ሰዓት አራት እንዲሆን ጠይቀዋል። ቀብር ለሚሄድ ሰው አንድ ሰዓት ማለት ግብዓተ መሬቱ ላይ መድረስና አለመድረስ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ከአየር መንገዶቹ፦ የስደተኛ ትራቭል ዶክመንትና መለያው በድረ ገጻችሁና በአፓችሁ ዝርዝር ውስጥ ይግባ። በራሳችሁ ሥርዓት ጉድለት ወደ መስኮት የላካችሁትን ሰው የቼክ ኢን ክፍያ አታስከፍሉት፤ እስካሁን ለተከፈለውም ደረሰኝ ይዘን እንመጣለን፣ መልሱ። መስኮቱ ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ይከፈት፣ በዚያ ሰልፍ ላይ የቆመ መንገደኛ እያለም ጌት አይዘጋ። የሰነድ ቁጥርና የልደት ቀን ከተመሳሰለ የስም ማስተካከያ በነጻ ይሁን። ቲኬት ስትሸጡ የአየር ማረፊያው ትክክለኛ ከተማ፣ ርቀቱና የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት ከዋጋው ጎን ይጻፍ። ከእናንተ መዘግየት የተነሣ አውቶቡስ ላመለጠው ሰው መጓጓዣውን እናንተ ቻሉ።

ከአየር ማረፊያዎቹ፦ ማለዳ በረራ ባለበት ሌሊት አንድ የሞቀ ክፍል ክፍት ይሁን።

ከባለሥልጣናቱ፦ ሰነድ አይበቃም በሚል ከበረራ የሚቀሩ መንገደኞችን አቤቱታ ለይታችሁ መዝግቡ፤ የሦስት ሰዓቱን መብት አታስነኩ።

ለእናታችን ደግሞ በስማቸው የተጻፈ የይቅርታ ደብዳቤ እንጠብቃለን። አየር መንገዱ ራሱን ያውቃል፤ የአቤቱታው ቁጥርም በእጁ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣

በፍራንክፈርትና አካባቢው የኢትዮጵያውያን ዕድር ጸሐፊ፣
በጠቅላላ ጉባኤው ውክልና